ዘጠኙን ዘፈን እንሽጥ ወይስ አድማጩን እንያዝ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። እኔ ማሲንቆ እጫወታለሁ፣ እህቴ ትዘፍናለች። ዘጠኝ ዘፈን ተቀርጾ አልቋል። አዲስ አበባ ያለ አንድ አሳታሚ ሙሉውን በ150 ሺህ ብር ልግዛችሁ ብሎናል። ዩቲዩባችን 11 ሺህ ሰብስክራይበር አለው፤ ገቢው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አሜሪካ ያለው የአጎታችን ልጅ ‹እንዳትሸጡ፣ አሁን የሚከፍለው አድናቂው ራሱ ነው› ይለናል። እውነቱን ነው? እዚህ ሆነን ይቻላል?»

የአጎትህ ልጅ ግማሹን እውነት ነግሮሃል። አድናቂ በቀጥታ ለሙዚቀኛው የሚከፍልበት አሠራር አለ፤ ብዙ ሰውም እየኖረበት ነው። ሌላው ግማሽ ግን አሜሪካ ቁጭ ብሎ አይታይም። እሱ ስልኩን ሁለቴ ነካ ነካ አድርጎ የሚከፍልባቸው መንገዶች ፍኖተ ሰላም ላለ ተቀባይ አብዛኞቹ ዝግ ናቸው። ወደዚያ እመጣለሁ። መጀመሪያ ስለ 150 ሺህ ብሩ እናውራ።

አሳታሚው የሚገዛው ምንድን ነው? ጠይቀኸዋል? «ሙሉውን» የምትለዋ ቃል በእኛ ሥራ ብዙ ሰው በልታለች። እኔ ባሕር ዳር ካሴት ቤት በነበረኝ ጊዜ ሁለት ልጆች አስቀርጬ ሥራቸውን ለአንድ አሳታሚ ሸጥኩ። ውሉ ላይ «አሁን ባለም ሆነ ወደፊት በሚፈጠር በማንኛውም መንገድ» የሚል ሐረግ ነበረበት። አነበብኩት፣ አልገባኝም፣ ፈረምኩ። ወደፊት የሚፈጠረው ነገር ሲዲ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ዩቲዩብ መጣ፤ የጥሪ ማሳመሪያም መጣ። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ለአንድ ዘመዴ ስደውል ያ ዘፈን ጆሮዬ ላይ መጣ። ከዚያ ለልጆቹም ለእኔም አምስት ሳንቲም አልደረሰንም። ሰውየው ሰረቀን ማለት አልችልም። በገዛ እጃችን ነው የሰጠነው።

ሕጉ እናንተን ይደግፋል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ 872/2007 ተሻሽሎ፣ ግጥም የጻፈውን፣ ዜማ የደረሰውን፣ የዘፈነውንና የተጫወተውን፣ ድምፁንም ያስቀረጸውን ለየብቻ ባለመብት ያደርጋቸዋል። ግጥሙ የእህትህ፣ ማሲንቆው የአንተ፣ የስቱዲዮውም ክፍያ ከኪሳችሁ ከሆነ ሁሉም እናንተው ቤት ነው። ዜማው የአገር ከሆነ ዜማውን ማንም «የእኔ ነው» ሊል አይችልም፤ እናንተ የቀረጻችሁት ቅጂ ግን የእናንተ ነው። የተጫዋችና ድምፁን ያስቀረጸ ሰው መብት 50 ዓመት ይቆያል። እስቲ አካፍለው። 150 ሺህ ለ50 ዓመት፣ ለዘጠኝ ዘፈን። ለአንድ ዘፈን በዓመት 333 ብር ይሆናል። ዛሬ ዶሮ አይገዛም።

ዩቲዩቡስ ለምን አይከፍልም? ዩቲዩብ በመደበኛ ቪዲዮ ላይ ከሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለቻናሉ ባለቤት ይሰጣል። ድርሻው ክፉ አይደለም። ችግሩ ማስታወቂያው የሚሸጥበት ዋጋ ተመልካቹ እንዳለበት አገር መለያየቱ ነው። ቡሬ ሆኖ የሚያይህ ሰውና ዋሽንግተን ሆኖ የሚያይህ ሰው እኩል ሂሳብ አያመጡልህም። ስፖቲፋይና መሰል የሙዚቃ ማድመጫ አፖች ደግሞ የሰበሰቡትን ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ከተው በተደመጠው ልክ ያከፋፍላሉ። በተለምዶ የሚነገረው ግምት ለ1,000 ጊዜ መደመጥ ከ3 እስከ 5 ዶላር ነው። ከእ.አ.አ. 2024 ጀምሮ ደግሞ ስፖቲፋይ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን አይከፍልም። ሳውንድክላውድ በ2021 ለየት ያለ መንገድ ጀመረ፤ የእያንዳንዱ አድማጭ ገንዘብ ራሱ ለሰማቸው ሰዎች ብቻ እንዲሄድ አደረገ። ለትንሽ ሙዚቀኛ ይህኛው የተሻለ ፍርድ ነው። ያም ሆኖ በዚህ ብቻ ቤት አይተዳደርም። ዕይታ ሰው ያመጣልሃል። ያመጣውን ሰው ይዞ ማስቀረት የአንተ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አድናቂ በቀጥታ መክፈሉ አዲስ ግኝት ነው የሚሉ ሰዎች ስሰማ ሳቄ ይመጣል። አዝማሪ ቤት ገብተህ ታውቃለህ። አንዱ ከመቀመጫው ይነሳና «ተቀበል!» ይላል። ሁለት ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፣ የሰውየውን ስም ያስገባበታል፣ አገሩን ያነሳለታል፣ ካስፈለገም ነካ ያደርገዋል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሰውየው ብር ያወጣና ግንባር ላይ ይለጥፋል። ለምንድን ነው የከፈለው? ለዘፈኑ እንዳትለኝ፤ ዘፈኑንማ በር ላይ የቆመውም በነፃ ይሰማዋል። የከፈለው የራሱ ስንኝ ስለተዘፈነለት፣ ስሙ በሰው ፊት ስለተጠራ፣ ከአዝማሪው ጋር ለአንዲት ደቂቃ አብሮ ስለሠራ ነው።

በዓለም ላይ የተሳካላቸውን ስታይ ነገሩ ያው ነው። አባቱ ኤርትራዊ የሆነው የሎስ አንጀለሱ ራፐር ኒፕሲ ሃስል በእ.አ.አ. 2013 ሥራውን በኢንተርኔት ለሁሉም በነፃ ለቀቀና 1,000 ኮፒ ብቻ አሳትሞ አንዱን በ100 ዶላር ሸጠ። በአንድ ቀን አለቀ። ታዋቂው ራፐር ጄይዚ ብቻውን 100 ኮፒ ገዛ። በነፃ የሚገኝን ነገር በ100 ዶላር የሚገዛ ሰው ዕብድ ነው? አይደለም፣ ግንባር ላይ ብር የሚለጥፈው ሰውዬ ነው። ሬዲዮሄድ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ በእ.አ.አ. 2007 አልበሙን በድረ ገጹ አውጥቶ «የፈለጋችሁትን ክፈሉ» ብሎ ነበር። እነሱ ግን በአሳታሚ ትከሻ ገና ድሮ ዓለምን ካዳረሱ በኋላ ነው፤ ለእናንተ አርአያ አይሆኑም።

ኬቪን ኬሊ የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ በእ.አ.አ. 2008 ያቀረበው ስሌት አለ። አንድ የጥበብ ሰው 1,000 እውነተኛ አድናቂ ቢኖረውና እያንዳንዱ በዓመት 100 ዶላር ቢያወጣለት 100 ሺህ ዶላር ነው፤ ይኖርበታል። ቁጥሩን ወደ እኛ እናምጣው። 300 ሰው 500 ብር ቢከፍላችሁ 150 ሺህ ብር ነው። አሳታሚው ያላችሁን ያህል። መብቱም እጃችሁ ላይ ይቀራል። 300 ሰው ማለት ከ11 ሺህ ሰብስክራይበራችሁ ውስጥ ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም።

ቀላል ነው አላልኩም። ሰብስክራይብ ማድረግ ጣት ነው፣ 500 ብር ኪስ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ዋጋ አትጠይቋቸው። ውጭ ካለው 40 ሰው 2,000 ብር ቢከፍል 80 ሺህ። አገር ቤት ካለው 140 ሰው 500 ብር ቢከፍል 70 ሺህ። ተደምሮ ያው 150 ሺህ፣ በ180 ሰው። ይህን ያህል ሰው አንድ ደህና ሠርግ ላይ ታገኛለህ።

ለ2,000 ብሩ ምን ትሰጣላችሁ? ቲሸርት እንዳትለኝ። «ተቀበል»ን ሽጡ። እናቱ ደምበጫ ያለች፣ እሱ ሲያትል ታክሲ የሚነዳ ልጅ አስብ። ለእናቱ ዓመት በዓል ሁለት ስንኝ ይልካል፤ ካልቻለ ስለ እሷ ያወራችኋል፣ ስንኙን እናንተ ትሠሩለታላችሁ። እህትህ በእናቱ ስም ታዜመዋለች፣ አንተ በማሲንቆ ትከተላለህ፣ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በስልክ ተቀርጾ ይላካል። ለአንዱ ሰው ብቻ የተሠራ ስለሆነ ቴሌግራም ላይ ቢሰረቅ እንኳ ጥቅሙ ለእናንተ ነው፤ ያየው ሁሉ «ለእኔም እናት» ይላል። ደግሞ እነ ዲማና ዋሸራን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ስንኝ አጣሁ ማለት ያሳፍራል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ያለው ደምበኛ አላችሁ። ተራ ምስጋና አትጻፉ፤ ሰውየው ሦስቴ ሰምቶ በአራተኛው የሚስቅበት ስንኝ ስጡት። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ሰውን የሚያዋርድ፣ ጎሳና ፖለቲካ የሚነካ ስንኝ ቢመጣ ብሩን መልሱና እምቢ በሉ። አንድ ቪዲዮ የአንድ ዓመት ስማችሁን ይበላዋል።

ለ500 ብሩ ደግሞ ዘፈኖቹን ከሌላው ሰው ሁለት ሳምንት ቀድሞ መስማት፣ የተዘጋ የቴሌግራም ቻናል ውስጥ መግባት፣ ስሙ በክሊፑ መጨረሻ መውጣት ይበቃል። ዘፈኑ ከቻናሉ ሾልኮ ይወጣል። ይውጣ። እናንተ የምትሸጡት ቅርበት እንጂ ፋይል አይደለም።

አሁን ወደ ዝጉ በር። ኪክስታርተር በሚባለው ድረ ገጽ ከአድናቂ ገንዘብ ለመሰብሰብ አካውንት መክፈት የሚችሉት ከተወሰኑ አገሮች የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ከአፍሪካ አንድም አገር የለም። ባንድካምፕ ለሙዚቀኛ ከሁሉም የተሻለ ገበያ ነው፤ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 በመቶ ነው። ግን የሚከፍለው ፔይፓል በሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ መላኪያ በኩል ነው፣ ኢትዮጵያ የተከፈተ ፔይፓል ደግሞ ገንዘብ አይቀበልም። የአጎትህ ልጅ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። አካውንቱን በስሙ ይክፈትላችሁ። ነገር ግን ገንዘቡ በእሱ ስም ሲገባ የአሜሪካ ግብሩም በእሱ ስም ይመጣል። ስለዚህ ድርሻውን፣ ግብሩ ከየት እንደሚከፈል፣ በየስንት ጊዜ እንደሚልክ በወረቀት አስፍሩት። «ዘመድ ነው» አትበል። ዘመድ ስለሆነ ነው የምልህ፤ በብር ምክንያት ከአጎት ቤት ልቅሶ መቅረት የመጣው ያልተጻፈ ውል ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ሲልክ በባንክ ይላክ። የብር ምንዛሪ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የባንኩና የጥቁር ገበያው ልዩነት እንደ ድሮው የሚያጓጓ አይደለም።

ለአገር ቤቱ ቴሌብር ይበቃል። የከፈለህ ሰው ስም በመልእክቱ ላይ ይመጣልሃል። ይህን ስም እንደ ቀልድ አትለፈው። ደብተር ግዛ። እንደ እድር ጸሐፊ ሁን። ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌ ወይም ከተማ፣ የከፈለው፣ የተሰጠው። ዩቲዩብ ነገ ቻናልህን ቢዘጋው 11 ሺህ ሰብስክራይበር አብሮ ይጠፋል፤ አንዳቸውንም በስልክ አታውቃቸውም። ደብተሩ ውስጥ ያሉት 180 ሰዎች ግን የትም አይሄዱም። አሳታሚው ስለ ምንም ነገር ቢከራከርህ ተከራከር፣ ደብተሩን ግን እንዳታሳየው።

ገበያ ቀን ሚሞሪ የሚጭኑትን ልጆችም አትርሳ። ብዙ ሙዚቀኛ እነሱን እንደ ሌባ ያያቸዋል። ሌብነትም አለበት፣ አልክድም። ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዘፈን ከሰው ሰው ያደረሱት እነሱ ናቸው። ገበሬው በግ ሸጦ ሲመለስ ሚሞሪውን ሰጥቶ «ጫንልኝ» የሚለው እዚያ ነው። ስለዚህ ሁለት ዘፈን ራስህ ውሰድላቸው፣ ጥራት ያለውን ቅጂ። መጀመሪያ ላይ እህትህ በድምፅዋ «ይህን ከወደዳችሁት በዚህ ቁጥር ደውሉልን» ትበል፤ አምስት ሰከንድ። ያለዚያም ይጭኑታል፣ በተበላሸ ድምፅ፣ ያለ ስልካችሁ። ይህን ያደረገ አንድ የማውቀው ልጅ ከዘፈኑ ሽያጭ ይልቅ የሠርግ ሥራ ነው የበዛለት። ሠርግ ደግሞ በጥሬ ብር ነው የሚከፍለው።

ስለ ጊዜው ካነሳን፣ በዐቢይ ጾም ዘፈን ይዞ መውጣት ኪሳራ ነው። ስም መሰብሰብ በታኅሣሥ ጀምሩ። ጥር ሙሉ ሠርግ አለ፤ እንጅባራ ላይም ጥር 23 የፈረሰኞቹ በዓል ብዙ ሕዝብ ይሰበስባል። በየሄዳችሁበት ስልክ ተቀበሉ። አልበሙን ለፋሲካ አውጡ።

የቲክቶክ ላይቭ ስጦታን ብዙ ልጆች ይጠይቁኛል። ግንባር ላይ መለጠፍ ማለት እሱ ነው፣ ግን ግማሽ ያህሉ ቲክቶክ ጋ ይቀራል። ሌሊቱን ሙሉ ላይቭ ላይ የምታመሽ ዘፋኝ ድምፅዋ በሦስት ወር ይሰነጠቃል። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት። በቃ። የጥሪ ማሳመሪያውን በሚመለከት ከሚያስገባላችሁ ድርጅት ጋር የድርሻችሁን መጠንና የክፍያውን ቀን በውል አስፍሩ። የአገር ውስጥ የሙዚቃ አፖች ላይም አስገቡ፤ ዋና ገቢያችሁ ይሆናሉ ብላችሁ ግን አትቁጠሩ።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው፣ የሰው ገንዘብ አስቀድሞ መቀበል ዕዳ ነው። ፕሌጅሚዩዚክ የሚባል ከአድናቂ ገንዘብ ሰብሳቢ ድረ ገጽ በእ.አ.አ. 2019 ወደቀ፤ አድናቂው ከፍሏል፣ ሙዚቀኛው አልደረሰውም። ሩቅ አልሂድ፣ እኔም አንድ ጊዜ ካሴት ሳይወጣ ከሰው ገንዘብ ሰብስቤ ስቱዲዮው ስምንት ወር አዘገየኝ። ግማሹን ብር በልቼዋለሁ። ሰው ሲደውል ስልክ አላነሳም ነበር። አንድ የሞጣ አዛውንት መጨረሻ ላይ በአካል መጡና «ልጄ፣ የማይወጣ ከሆነ ቁርጡን ንገረኝ፣ ቴፔን ልሽጠው» አሉኝ። ብሩን እንኳ አልጠየቁም። ከዚያ ቀን ወዲህ የአድናቂ ገንዘብ በተለየ የባንክ ደብተር ነው የማስቀምጠው። የእናንተ ዕድል ዘፈኑ ተቀርጾ ማለቁ ነው፤ ሰው የሚከፍለው በእጃችሁ ላለ ነገር ነው። ስለዚህ ከመሰብሰባችሁ በፊት ሚክሲንጉንና ማስተሪንጉን፣ ማለትም ድምፁን የማዋሃዱንና የማጣራቱን ሥራ ጨርሱ።

ሁለተኛው፣ አብረው የሠሩትን አትርሱ። አማንዳ ፓልመር የምትባል አሜሪካዊት ዘፋኝ በእ.አ.አ. 2012 ከ24,883 ሰዎች 1.19 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰበሰበች፤ የጠየቀችው 100 ሺህ ነበር። ከዚያ ለጉዞ ትርኢቷ በየከተማው ያሉ ሙዚቀኞችን ያለ ክፍያ፣ በቢራና በእቅፍ አብራችሁኝ ተጫወቱ ብላ ጠራች። ሕዝቡ ጮኸባት፤ በኋላ ከፈለቻቸው። አድናቂ ገንዘብ ሲሰጥ ዓይንም አብሮ ይሰጣል። ከበሮ የመታውን፣ እስክስታ የወረደችውን፣ አቀናባሪውን መጀመሪያ ክፈሉና ምን ያህል እንደከፈላችሁ በቻናሉ ውስጥ ጻፉት። እኛ አገር ደቦ የጠራ ሰው ጠላውንና ንፍሮውን ካሳነሰ በሚቀጥለው ዓመት ማሳው ላይ ብቻውን ይቆማል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ዕዳ ካለባችሁ፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ፣ 150 ሺህ ብሩ አሁን የሚያስፈልግ ከሆነ ማፈር የለም፤ ተቀበሉ። ግን አትሽጡ፣ አከራዩ። የአባትህን መሬት እኩል አራሽ ትሰጠዋለህ፣ በኮንትራት ለአምስት ዓመት ትሰጠዋለህ፤ የመሬቱን ደብተር ግን አሳልፈህ አትሰጥም። ዘፈንም እንደዚያ ነው። ለአሳታሚው እንዲህ በሉት፦ ስድስት ዘፈን፣ ለአምስት ዓመት፣ ከዚያ ወደ እኛ ይመለሳል። ሦስቱ እኛ ጋ ይቀራሉ። የእኛ ዩቲዩብ ቻናል የእኛ ነው፤ አንተ በራስህ ቻናል ጫን። ወደፊት የሚፈጠረው ሲፈጠር እንነጋገራለን። በየስድስት ወሩ ሂሳብ ታሳየናለህ። በዚህ ውል መቶ ሺህም ቢል ይሻላል።

የሚያኮርፍ አሳታሚ ይኖራል። ያኩርፍ። ከነዚህ ውስጥ አንዱንም የማይቀበል ከሆነ ዘፈናችሁ ከ150 ሺህ በላይ እንደሚያወጣ ከእናንተ በፊት እሱ አውቆታል ማለት ነው።

አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርጉ። ዩቲዩብ ላይ ከጫናችሁት ውስጥ የሌላ ሰው «የእኔ ነው» የሚል ጥያቄ የቀረበበት ዘፈን ካለ እዩ። ትዝታና አምባሰል ላይ የተሠራ ሥራ ይህ ይገጥመዋል፤ ቅኝቱ የሁሉም ስለሆነ የዩቲዩቡ ማሽን ይሳሳታል። ያልተከራከራችሁበት ገቢ ሌላ ሰው ኪስ እየገባ ሊሆን ይችላል። የስቱዲዮውን ደረሰኝና ያልተቀናበረውን ፋይል አስቀምጡ፤ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ውሉን ደግሞ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ፊርማ ያለበትን ገጽ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ገጽ፣ ጀርባውንም ጭምር። እህትህ ሳታነበው አትላከው።